የጠፈር ክር በሞጣ ሜዳ

ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፣ በባልንጀራው ሹመት ይቀናል። እኔ ግን ማንም ሰው አይቶት በማያውቅ ክር ስቀና ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ይርገዱ ይህን ስነግራት፣ «ቢታይማ ኖሮ ምን ልትሆን ነበር!» ትላለች።

የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ጉንደ ወይን ጀመርሁ፣ ቢቸና ተማርሁ፣ ሞጣ አረጀሁ። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሽኝት አዘጋጅቶ ጋቢ አለበሰኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ተናገረ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተጠጣ። በእኔ ቦታ የተመደበው ወጣት መምህር ትሑት ልጅ ነው። ሊያስደስተኝ ብሎ፣ «የእርስዎን የሜዳ ትምህርት አልተወውም፤ በፕሮጀክተር አሳያቸዋለሁ፤ በኮምፒዩተር የተሠራ ቪዲዮ አለ» አለኝ። አሳየኝም። ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ክሮች ይወዛወዛሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይቆራረጣሉ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በልጆች እጅና እግር፣ በአቧራና በፉጨት ያሳየሁትን ማሽኑ ጠብታ ላብ ሳያወጣ ያሳያል። በማሽንም እንደሚቀና ያን ቀን አወቅሁ። ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርሁት በዚያው ንዴት ነው።

ስለ ጉንደ ወይን የምለው ጥቂት ነው። ጠመኔ መቆጠብና ያለ መሣሪያ ማስተማር ተማርሁበት። ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዱ ይቆረጣል፤ ደመወዙ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል፤ የሚሞላው ቅጽ ግን አያልቅም። ከዚያ ወደ ቢቸና ተዛወርሁና ዕድሜዬን ሙሉ ያልተለዩኝን ሁለት ሰዎች አገኘሁ።

አንዱ መምህር ዘለቀ ናቸው። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው ወደ አስኳላ የተሻገሩ ሰው። ሁለተኛው ይበልጣል ነው፤ እንደ እኔው ጀማሪ መምህር፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር። እናትና አባቱ ስሙን ሲያወጡለት እኔን አስበው ይመስል ነበር።

መምህር ዘለቀ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይቆማሉ። ላላወቃቸው ሰው የተቆጡ ይመስላሉ። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ዓይኔን እያየ የሚመልስ ልጅ እኔ የምፈልገውን ይመልሳል። ጀርባዬን እያየ የሚመልስ ያሰበውን ይመልሳል» አሉኝ። መልሱ ልክ ሲሆን «ልክ ነው» አይሉም፤ «ቀጥል» ነው የሚሉት። ሲሳሳትም «ቀጥል» ነው። ልጁ ልክ መሆኑን የሚያውቀው ራሱ ቀጥሎ ሲያየው ነው። ግን አንዲት ሌላ ቃል ነበረቻቸው። እርሳቸው ያላሰቡትን ነገር ሰው ሲነግራቸው ከደረታቸው «አሃ!» የምትል ድምፅ ትወጣለች። ያችን ብዙ ሰው ሰምቷት አያውቅም።

በአንድ የጥር ቅዳሜ እኔንና ይበልጣልን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ማሳ ወሰዱን። ሰብሉ ተሰብስቧል፤ የቢቸና መረሬ ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እግር ያስገባል። መምህር ዘለቀ በክረምት ትምህርት ከአንድ እንግዳ መምህር የሰሙት ነገር አላስቀምጥ ብሏቸው ነበር።

«ዓለም ሲጀመር ግለቱ አይጣል ነበር» አሉን፣ በዱላቸው ስንጥቁን እያሳዩ። «ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ሥፍራ በየፊናው ቀዘቀዘ። አንዱ ወዲህ አዘነበለ፣ አንዱ ወዲያ። የተገናኙበት ቦታ ላይ አልተስማሙም። ያልተስማሙበት ቦታ እንዲህ እንደ ስንጥቅ፣ ግን እንደ ክር ቀጭን ሆኖ፣ የጥንቱን ግለት በውስጡ ይዞ ቀረ ነው የሚሉት። ይህ ክር ጫፍ የለውም። ወይ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፣ ወይ ዞሮ ገጥሞ ቀለበት ይሆናል።»

«ማን አየው?» አልሁ እኔ።

«ማንም። ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ቀጥል።»

እኔ የምቀጥለው አልነበረኝም። ይበልጣል ግን ተንበርክኮ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ እየነዳ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ዓለም እየሰፋ ነው ካልን ክሩም ይለጠጣል። ሲለጠጥ ትልልቁ ጠመዝማዛ ቀጥ ይላል። ትንንሹስ? ዓለም ስለሰፋ ብቻ ትንሿ እጥፋት የምትጠፋ አይመስለኝም። የት ትሄዳለች?» አለ።

መምህር ዘለቀ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ቆሙ። ከዚያ «አሃ!» አሉ።

ያች «አሃ» ለእኔ ብትሆን ምን ነበረበት! ያን ቀን ወደ ከተማ ስንመለስ እግሬን ጠጠር ወጋኝ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። እውነቱ አብሬው መራመድ አስጠልቶኝ ነው። ይበልጣል ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሽሮውን ያካፍለኛል፣ ልብሴን ከገመድ ላይ ያነሣልኛል፣ ስታመም ክፍሌን ይዞ ያስተምርልኛል። በዚያ ላይ ይበልጠኛል። ሰው በጨካኝ ቢበለጥ ማማረሪያ አለው፤ በደግ ሰው የተበለጠ ምን ብሎ ያማርራል?

ቆይቶ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል መጣ፤ ቦታው አንድ ነበር። ሁለታችንም ተፈተንን፤ እርሱ አለፈ። አድልዎ አልነበረም፤ ከፈተናው አብረን ወጥተን ስናወራ የሠራውን ነግሮኝ ውጤቱ ሳይመጣ አውቄዋለሁ። ከዚያ ውጭ አገር ሄደ፤ ዶክተር ሆኖ ተመለሰና ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያጠናው ምን መሰላችሁ? ያችን ማሳ ላይ የጠየቃትን ጥያቄ። በጠፈር ክር ላይ ያለችው ትንሿ እጥፋት ከየት ትመጣለች፣ እንዴት ትለወጣለች፣ የት ትሄዳለች። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ አንሥቶ ዕድሜ ልኩን ሲኖርበት አየሁ። እኔም ጥያቄዋ በተወለደችበት ማሳ ላይ ቆሜ ነበር እኮ! ጫማዬ እንኳን በዚያው አፈር ነው ያለቀው።

እኔ አገባሁ፣ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ክረምት ጨረስሁ። በበዓል ይደውልልኛል። ስለ ሥራው ሲያወራ ልቤ እየተቃጠለ አዳምጠዋለሁ፤ ስልኩን ስዘጋው ደግሞ የነገረኝን ቃል በቃል ለይርገዱ እደግምላታለሁ። «ጠልተኸው ነው ወድደኸው?» ትለኛለች።

ሞጣ ላይ አንድ ነገር ፈጠርሁ፤ ይህ የእኔ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። የጠፈር ክርን በልጆች ሠራሁት። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የሳይንስ ክበቡን ሜዳ ላይ አወጣለሁ። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይሰለፋሉ፤ ያ አንድ ክር ነው። ሌሎች በሌላ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶችህ ወደሚጎትቱህ ሂድ፣ ስትደርስም ወዲያው አትቁም፣ የመጣህበት ፍጥነት ይውሰድህ። ከዚያ ፊሽካ እነፋለሁ።

ሜዳው ሕይወት ይዘራል። ክሮቹ ይወዛወዛሉ። ሁለት ክሮች ሲገናኙ፣ የተገናኙት ልጆች የያዙትን ለቀው የሌላውን ክር ልጅ ይይዛሉ፤ ጥንድ ይለዋወጣሉ። በተለዋወጡበት ቦታ ክሩ እንደ እጅ ክርን ይታጠፋል፤ እጥፋቱም በክሩ ላይ ግራና ቀኝ ይሮጣል። በተገናኙ ቁጥር እጥፋት ይጨመራል። አንድ ክር ራሱን ያቋረጠ እንደሆነ ደግሞ መካከሉ ተቆርጦ ቀለበት ይሆናል። ቀለበት ውስጥ የገቡት ልጆች እየዞሩ፣ አንድ በአንድ እየወጡ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ይሄዳሉ፤ የጠፈሩ ቀለበትም እየተወዛወዘ ጉልበቱን በስበት ሞገድ ይበትንና ያልቃል ስለሚሉ። ርዕሰ መምህራችን በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብሎ ያጨበጭባል። ስለ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

በክበቡ ውስጥ ሀያት የምትባል ልጅ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የሰይድ ልጅ። ሌሎቹ መሮጡን ይወዱታል፤ እርሷ ፊሽካው ሲነፋ ትቆምና ታስተውላለች። «ጋሼ፣ እጥፋቱ ከእኔ አልፎ ሲሄድ እኔ ወዴት ነው የሄድሁት?» ብላ የጠየቀችኝ ቀን ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ። መምህር ዘለቀ የሚያዞሩት ለልጁ ብለው ነው፤ እኔ ያዞርሁት ዕንባዬን እንዳታይ ነው። እንደዚህ ያለ ተማሪ ለአንድ መምህር አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። የእኔ ናት አልሁ። በሕይወቴ ይበልጣል የሌለው ነገር ሲኖረኝ እርሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው አጉረመረመ። ሴትና ወንድ ልጅ በጠራራ ፀሐይ እጅ ለእጅ ተያይዘው መራወጣቸው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አልተዋጠለትም። ሰይድ ራሱ መጣ።

«መምህር፣ ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም» አለኝ። «ልጄ እራት ላይ ስለ ሌላ ነገር አታወራም፤ ሰማይ ሰማይ ብላ ልታሳብደን ነው። ግን ሰው ምን ይላል? መቼም እርስዎም ሴት ልጅ አለዎት።»

«ታዲያ ላቁመው?»

«ኧረ አያቁሙ! በመካከላቸው አንድ ነገር ይግባ። እንጨትም ቢሆን፣ ሸምበቆም ቢሆን። አንዱ በወዲህ ጫፍ፣ አንዱ በወዲያ ጫፍ ይያዝ። ክንድ ያህል ከተራራቁ ማንም ምንም አይልም።»

ሰይድ ጨርቅ እየለካ ያደገ ሰው ስለሆነ ጨዋነትንም የለካልን በክንድ ነበር። ከወንዝ ሸምበቆ አስመጥተን በክንድ ልክ ቆረጥነው። ጉርምርምታው በአንድ ዓርብ ጸጥ አለ፤ እንዲያውም እናቶች በአጥሩ ላይ ሆነው ማየት ጀመሩ።

ሸምበቆ ከገባ በኋላ ነው ያን ነገር ያየሁት። ትልቅ ቀለበት ይቆረጣል፤ ያ ራሱን ያቋርጥና ሁለት ይሆናል፤ እነዚያም እንደገና ይቆረጣሉ። መጨረሻ ላይ ሜዳው ሦስት ሦስት ልጆች በሦስት ሸምበቆ በሠሯቸው ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይሞላል። ደጋግሜ አስጀመርሁት፤ ሁልጊዜ እዚያው ይደርሳል። ቀድሞ እጅ ለእጅ ሲያያዙ እንደዚህ ጥርት ብሎ አይታየኝም ነበር፤ ልጆቹ ይተሻሹና ይደበላለቃሉ። አሁን ግን የክሩ ጠባይ ቁልጭ አለልኝ። የጠፈር ክር ራሱን እየቆራረጠ የመጨረሻው ትንሽ እስኪደርስ ይወርዳል ማለት ነው። ይበልጣል በትልቅ ኮምፒዩተር የሚያሳድደውን እኔ በሞጣ ሜዳ ያዝሁት!

ደወልሁለት። «ና፤ የማሳይህ አለኝ» አልሁት። በድምፄ ውስጥ ያለው ኩራት ለእኔም ይሰማኝ ነበር። መምህር ዘለቀንም ከቢቸና አስመጣኋቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ግን ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ሳልጠይቀው የወረዳውን ሰዎች ጠራ። ወንበር ተደረደረ፤ ሰይድም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በእኔ ጥሪ ነው ብዬ ልቤ አበጠ።

ይበልጣል በዩኒቨርሲቲው መኪና መጣ። ሽበቱ እንኳን አምሮበታል። አቅፎ ሳመኝ፤ መምህር ዘለቀን ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፤ አስነሡት። ፊሽካዬን ነፋሁ። ልጆቹ እንደዚያ ቀን ሠርተውት አያውቁም። ክሮቹ ተወዛወዙ፣ ተለዋወጡ፣ ተቆራረጡ፤ ሜዳው በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ተሞላ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ያገኘሁትን ነገር በኩራት ተናገርሁ።

ይበልጣል ብቻ አላጨበጨበም። አንዷን ሸምበቆ ከአንድ ልጅ እጅ ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ለምን ይህን ያህል ሆነ?» አለኝ።

«ወንድና ሴት እንዳይነካካ ነው።»

«በግማሽ እንቁረጠው እስኪ።»

ቢላ መጣ። ተቆረጠ። ፊሽካ ነፋሁ። መጨረሻ ላይ ሜዳው እንደ ቀድሞው በሦስት ማዕዘኖች ተሞላ፤ ግን የቀድሞው ግማሽ በሚያህሉ። እንደገና ይቆረጥ አለ። ሸምበቆው ስንዝር አከለ፤ ሦስት ማዕዘኖቹም በዚያው ልክ አነሱ፤ ልጆቹ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ደርሰው ይሳሳቃሉ። ሰይድ ከወንበሩ ተነሥቶ ይቁነጠነጣል። ያኔ ይበልጣል ሳይነግረኝ ገባኝ።

«አንተነህ» ብሎ በስሜ ጠራኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ትንሹን የወሰነው ሸምበቆው ነው፤ ክሩ አይደለም።» ቀጥሎ ሊያጽናናኝ፣ «አትዘን፤ እኛም በኮምፒዩተር ስንት ጊዜ ተሳስተንበታል መሰለህ። የእኛም ማሽን የራሱ ሸምበቆ አለው፤ ከእርሱ ያነሰ ነገር አያሳየንም፤ እኛ ግን ሰማዩን ያየን ይመስለናል» አለኝ። የገደለኝ ማጽናናቱ ነው። በሞጣ ሰው ሁሉ ፊት የጠፈርን ምስጢር አገኘሁ ብዬ የለካሁት የሰይድን ክንድ ነበር!

መምህር ዘለቀን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። የይበልጣልን ቃል ሰምተው «አሃ!» አሉ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ ለእኔ፣ «ቀጥል» አሉኝ። ደግነት እንደነበረበት አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የቢላ ስለት ነበር።

ከዚያ የሀያት ድምፅ መጣ። ስንዝር ሸምበቆ እንደያዘች ነበር።

«ዶክተር፣ ሰማይ ላይ ሸምበቆ የለም። ታዲያ እዚያ ትንሹን የሚወስነው ማነው?»

ይበልጣል ዞረና ልጅቷን አያት። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደዚያ አይቻታለሁ። አንዷን ውድ ነገር ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያያት ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት ሰው አይገባውም። ወደ እርሷ ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠና በጣቱ አቧራው ላይ እየሣለ አስረዳት። ክሩ ራሱ ሲወዛወዝ የስበት ሞገድ ይለቃል፤ ያ ሞገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ትንንሹን እጥፋት ነው፤ ስለዚህ ትንሹን የሚወስነው የክሩ የራሱ መድከም ነው ይላሉ። እስከ የት ድረስ እንደሚበላው ግን እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ አንዱ ቀለበቶቹ ትልልቅ ናቸው ይላል፣ አንዱ ኢምንት ናቸው ይላል። ሀያት ተንበርክካ ታዳምጣለች። እኔ ፊሽካዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ የሜዳውን ሥራ አላቋረጥሁም፤ ለልጆቹ የሸምበቆውንም ስሕተት አብሬ አስተምር ነበር፤ ጥሩ ትምህርት ነው። ሀያት ግን ጥያቄዋን ለይበልጣል መጻፍ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፊዚክስ መረጠች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ከእርሱ ጋር ሠራች፤ ለዶክትሬትም ከእርሱ ጋር ቀጠለች። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እርሷ ዓባይን አየችና ምንጩን ረሳችው አልሁ። በስልኬ ላይ የሁለቱ ፎቶ ይመጣል፤ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆመው፣ በሰሌዳው ላይ ክር ተስሎ። በሁለት ጣቴ ፎቶውን እያሰፋሁ ፊቷን አያለሁ። ከታች «ከአማካሪዬ ጋር» ይላል። ይርገዱ ከትከሻዬ በላይ አይታ፣ «አማካሪ ነው እንጂ አባት አላለችው፤ ምን ሆንህ?» ትለኛለች። አባት ብትለው ይሻለኝ ነበር፤ አባትነቱንስ ከሰይድ ጋር ይጣሉበት!

መምህር ዘለቀ ያረፉ ጊዜ ቢቸና ተገናኘን። ቤተሰቡ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያነብ የሰጠው ለይበልጣል ነው። ከመቃብሩ አጠገብ ቆሜ፣ እያለቀስሁ፣ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። «ካፈሯቸው መምህራን መካከል እነ ዶክተር ይበልጣልና ሌሎችም ይገኙበታል» የሚል መጣ። ራሱ አልጻፈውም፤ ሲያነበው እንኳን ድምፁ ተሰናክሎ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ። ቢሆንም እኔ «ሌሎችም» ነኝ። ሰው በሰው ቀብር ላይ እንዲህ ይቀናል ወይ? ይቀናል።

እንግዲህ ከሽኝቴ በኋላ ዒድ መጣና ሀያት ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቿ ሞጣ መጣች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ገባች። ይርገዱ ሻይ አፈላችላት። ስለ ጤና፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ሰይድ ስኳር በሽታ አወራን። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከዶክተር ይበልጣል ጋር መሥራት አቁሜያለሁ» አለችኝ።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ቀለበቶቹን በስሌት ማሳደድ ሰለቸኝ። ቀለበት ካለ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገድ ካለ ማዳመጥ ይቻላል። እየተሽከረከሩ ልክ እንደ ሰዓት ብልጭ የሚሉ ከዋክብት አሉ፤ ብልጭታቸው ከሰዓቱ ሲዛነፍ ሞገድ አልፎባቸው ሊሆን ይችላል። ያን የሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ ቦታ አግኝቻለሁ። ውጭ ነው። ልሄድ ነው።»

«ይበልጣል ምን አለ?»

«ከፍቷቸዋል።» አንገቷን ደፋች። «እርስዎን ግን በአካል ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ደስ አለኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ደስታ ነው። ፊቴን ለመደበቅ ብርጭቆውን አነሣሁ፤ ሻዩ ምላሴን ጠበሰኝ። መረቅኋት፤ ምርቃቱ ከልቤ ነበር። በር ድረስ ሸኝቻት ስመለስ ይርገዱ እጇን በወገቧ አድርጋ ቆማለች።

«ደውልለት እንግዲህ» አለችኝ፤ «ሆድህ ሊፈነዳ ነው።»

ደወልሁ። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ፤ በሐዘኔታ የተለበጠ፣ ውስጡ እሾህ የሆነ። ይበልጣል ስልኩን ሲያነሣ ድምፁ የበሽተኛ ነበር።

«ሀያት መጥታ ነበር» አልሁት።

«የት? ቤትህ?»

«ቤቴ። ሻይ ጠጥታ፣ ሁሉንም አጫውታኝ ሄደች።»

«ለእኔ በኢሜይል ነው የላከችልኝ» አለ። «አንድ ሕንፃ ውስጥ እየዋልን በኢሜይል! አንተ ዘንድ ግን ሞጣ ድረስ...» አልጨረሰውም። ቅናት ሲናገር እንዴት እንደሚሰማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አሁን ግን ድምፁ የሚመጣው ከወዲያ ጫፍ ነው። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«አንተነህ።»

«አቤት።»

«ያን ጊዜ ሜዳው ላይ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ስትመጣ፣ አንተን እንዲህ ነው ያደረገህ?»

«እንዲህ ነው ያደረገኝ። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።»

«ምነው ታዲያ አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ? ተማሪዬን መልስልኝ ልበልህ?»

«ያንተ ተማሪ ናት እኮ» አለኝ። «እኔ ዘንድ የመጣችው ተሠርታ ነው። ለሰው ሁሉ እንዲያ ነው የምናገረው፤ ላንተ ግን አንድም ቀን አልነገርሁህም።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ሲመጣ ልጅቷ ከሁለታችንም ሄዳለች፤ ያም ሆኖ ቃሉ ደረቴ ላይ ሞቀኝ። አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የምትሄድበት ሰውዬ ማነው? ታውቀዋለህ?»

«ሥራዎቹን አንብቤያለሁ።»

«እንዴት ነው?»

ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው አቃሰተ።

«ጎበዝ ነው» አለ መጨረሻ ላይ። «ደግሞ ገና ወጣት ነው።»

«ካንተ ይበልጣል?»

«ተወኝ እባክህ!»

ሳቄ መጣ፤ እርሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሳቃችንን አቆምን። ከይበልጣል ጋር ከተዋወቅን ጀምሮ በአንድ ነገር ላይ ልባችን ያለ ልዩነት ሲገጥም ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሰውየውን አጥብቀን ጠላነው።